ከካርታው የሰረዝኩት ነጥብ

ሰው ራሱን ከካርታ ላይ ይሰርዛል? እኔ ከውሰር ይመር ሰርዣለሁ። ያውም በጠራራ ቀን፣ ሰመራ ላይ፣ ቬንትሌተሩ እላዬ ላይ እየዞረ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ይህን ስጽፍላችሁ ፊቴ ይግላል። የሰመራ ሙቀት ነው እንዳልል ደግሞ ዛሬ ንፋስ አለ።

የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ከጥናቱ መሪ ከዶክተር የዓለምወርቅ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ አዋሽ ወንዝን ተከትለን፣ ሰው ጉንጭ ውስጥ ጥጥ እያዞርን ናሙና ስንሰበስብ ከረምን። የምንፈልገው ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ዲኤንኤ ነው። እናት ለወንዱም ለሴቷም ልጇ ትሰጣለች። ወንዱ ተሸክሞት ይኖራል እንጂ ለልጁ አያወርስም፤ ሴቷ ግን ታቀብላለች። እናት፣ የእናት እናት፣ የእሷም እናት እየተባለ ሺህ ዓመታት ወደ ኋላ ይኬዳል። እኛ አገር ዘር ሲቆጠር በአባት ነውና፣ የእናታቸውን እናት ስንጠይቃቸው ሴቶቹ ይስቁብን ነበር። "እሷንማ ማን ይቆጥራታል?" ይሉናል።

ሎጊያ የደረስን ቀን የሙጂባ ምግብ ቤት ገባን። ሙጂባ የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ሁሉ የሚያውቋት፣ ሩዝና የፍየል ሥጋ የምትሸጥ፣ አፋምቦ የተወለደች ሴት ናት። እዚያ የነበሩት ሴቶች ጥጡን ፈሩት። እንዳይፈሩ ብዬ፣ ዶክተር የዓለምወርቅ ውጭ ስልክ ስታወራ፣ መጀመሪያ የራሴን ጉንጭ ጠርጌ አሳየኋቸው፤ ያ ጥጥ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ስምንት ቁጥር ተባለ። ቀጥላ ሙጂባ አፏን ከፈተች፤ የእሷ ዘጠኝ ቁጥር ሆነ። በዚህ መሀል ልጇ መሀመድአሚን ከጎን ካለው ጋራዡ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"የእኔንስ ጉንጭ?" አለ።

"የእናትህ ይበቃል። ያንተም ያው ነው።"

"እንግዲያ ለምን ታዪኛለሽ?"

እውነቱን ነው፣ አይቼው ነበር። እጁ በግራሶ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ግን ሲስቅ ያምራል። ከዚያ ቀን በኋላ ሎጊያ ያለ ሥራ የምመላለስ ሰው ሆንኩ። ሙጂባም ነገሩ ገብቷት ሳህኔ ላይ ሥጋ ትጨምርልኝ ጀመር። አንድ ቀን "ይሄ የእናት መስመር ያላችሁት፣ እኔ ሴት ልጅ የለኝም፤ እኔ ጋ አለቀ ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ አዋቂ "አዎ፣ ያልቃል" አልኳት። ድስቷን ልታማስል ሄደች። ምን ዓይነት ልብ ነበረኝ እላለሁ አሁን።

መሀመድአሚን ከአረፋ በኋላ አዋሽ ከተማ እኛ ቤት ሽማግሌ ላከ። እኛ የባቡር ጣቢያ ልጆች ነን። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዩኒፎርም ለብሶ ሐዲድ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ያደገ ሰው ባቡሩ ከቆመ በኋላም ራሱን ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው። እናቴ እታፈራሁ ደግሞ የወሎ ትልቅ ቤት ልጅ ነኝ ባይ ናት፤ ሰባት ቤት በአባቷም በእናቷም በኩል ሳታቋርጥ ትቆጥራለች። ሌላው ሰው የማይቆጥረውን የሴት መስመር እሷ መቁጠሯ ኩራቷ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ ዩሱፍ የልጁን አባቶች ቆጠሩ። ሰባት ደርሰው ስምንተኛም ጨመሩ፤ እናቱ አፋምቦ የተወለደች መሆኗንም ተናገሩ። ሽማግሌዎቹን በመኪና ያመጣው ራሱ መሀመድአሚን ነበርና፣ እናቴ ከውጭ አስጠራችው።

"የአባትህንማ ሰማን። እናትህስ የማን ልጅ ናት?" አለችው።

"እናቴ ሙጂባ። እናቷ አስያ።" ከዚያ ቆመ። "ከዚያ በላይ አላውቅም፣ እትዬ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ እዚያው አገር ነሽ። ይቺን ሴት ታውቂያታለሽ?"

ስንት ቀን ከእጇ በልቻለሁ። ልጄ እያለች ግንባሬን ስማኛለች። ሐጂ ዩሱፍ አዩኝ፣ እናቴ አየችኝ፣ እሱም አየኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁና "አላውቃትም" አልኩ።

እናቴ ልጄን አልሰጥም ብላ ሽማግሌዎቹን መለሰች። መሀመድአሚን ጫማውን ሲያደርግ ክሩ እጁ ላይ እምቢ ሲለው ብቻ አየሁ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

* * *

ናሙናዎቹን ከላክንበት ላብራቶሪ ውጤት የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከሁለት መቶ አርባ ሰው ውስጥ አሥራ አንዱ ላይ ብቻ፣ ስም እንኳ ያልወጣለት አንድ የእናት ዘር ተገኘ። ዶክተር የዓለምወርቅ ደስታዋን መያዝ አቃታት። የዚህ ዘር የቅርብ ዘመዶች ከቀይ ባሕር ማዶ ጥቂት ሰዎች ላይ አሉ። ከዚያ ወደዚህ መጣ ወይስ ከዚህ ወደዚያ ሄደ፣ ገና አይታወቅም።

ዝርዝሩን የማየው እኔ ነኝ፤ የማን ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየው መዝገብም ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ከአሥራ አንዱ መሀል ስምንትና ዘጠኝ አሉ። ዲኤንኤው በፊደል ሲጻፍ እርስ በርሳቸው አንድ ፊደል እንኳ አይለያዩም። እኔና ሙጂባ።

መጀመሪያ ተመስገን አልኩ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተወሰዱ ናቸው፣ ተደባልቀው ይሆናል ብዬ። ከየሰዉ ሁለት ጥጥ ነው የምንወስደውና ሁለተኛውን ብልቃጤን ላክሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሆኖ መጣ። ይህ ጋብቻ የሚከለክል ዝምድና አይደለም፤ የጋራ አያታችን ምናልባት ከመቶዎች ዓመታት በፊት የኖረች ሴት ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ሙጂባ የማን ልጅ እንደሆነች ካልታወቀ፣ እኔስ የማን ልጅ ነኝ? ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና ከስምንት ቁጥር ጎን "ተበላሽቷል" ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ዶክተር የዓለምወርቅ ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ቀያዮቹ ነጥቦች ከአፋምቦ ተነስተው፣ በሎጊያ አልፈው፣ አዳይቱ ላይ ያበቃሉ።

"ስምንት ቁጥር መበላሸቷ ያሳዝናል፣ ከውሰርዬ። የእናቷ መኖሪያ አዋሽ ከተማ ይላል። እሷ ብትኖር ኖሮ ዘሩ ወንዙን ይዞ ወደ ላይ መውጣቱን እናሳይ ነበር" አለችኝ።

"ያሳዝናል" አልኩ። ይህን ስል ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

* * *

ሰኞ ዕለት ዓቢይ የሚባል፣ የሙጂባ ደንበኛ የሆነ የከባድ መኪና ሾፌር ቢሯችን በር ላይ ቆሞ አስጠራኝና አንድ ካርቶን ሰጠኝ። የዘይት ማጣሪያ ካርቶን ነው፤ ተዘርግቶ ውስጡ ላይ ተጽፎበታል።

"አንብቢና መልስ ካለሽ ነገ በዚሁ አልፋለሁ። ልጁ ከስቷል" አለኝ ዓቢይ።

ካርቶኑ እንዲህ ይላል፦

"ከውሰር፣ አሰላሙ አለይኩም። ስልክ ስለማታነሺ ነው የምጽፈው። ካርቶን የሆነው ወረቀት በእጄ ስለሚቆሽሽ ነው፣ ይቅርታ።

እናትሽ እምቢ ስላሉ አልከፋኝም። እናት እምቢ ትላለች፣ ይለመናል። አንቺ ግን አላውቃትም አልሽ። ያን ቀን እናቴ ሌሊት ተነስታ ስንቅ ቋጥራልን ነበር። ላንቺም ቴምር ልካልሽ ነበር፣ በነጭ ጨርቅ። አውጥቼ ልሰጥሽ አልቻልኩም። ስመለስ እንዳታየው ብዬ አዳይቱ ላይ መኪና አቁሜ፣ ሽማግሌዎቹ ለሶላት ሲወርዱ፣ ብቻዬን በላሁት። ስገባ ምን አለች ስትለኝ፣ ከውሰር ሰላም ብላሻለች፣ ቴምሩም ጣፍጧታል አልኳት። እናቴን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ሎጊያ አዳራሽ ውጤት ልትነግሩን ነው አሉ። እናቴ አንቺን አያለሁ ብላ ያስቀመጠችውን ልብስ አውጥታለች። እንድታገቢኝ አልጠይቅሽም። እዚያ ሰው ፊት ስታገኝሽ ግን የማታውቂያት አትምሰዪ። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለም። መሀመድአሚን።"

ላብራቶሪው በር ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥላቻ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ቢሰድበኝ፣ ከሃዲ ቢለኝ፣ እመልስለት ነበር። ቴምሩን ብቻውን ሲበላ ግን አየሁት፤ እዚያ አዳይቱ ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ እየታነቀ። ካርቶኑን ደረቴ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእሱ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ራሴን ጠልቼው ነው።

* * *

ማክሰኞ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ከሰዓት በኋላ አዋሽ ደረስኩ። እናቴ በረንዳው ላይ፣ ከጣቢያው ትልልቅ ዛፎች ትይዩ፣ ምስር እየለቀመች አገኘኋት።

"ምነው በሥራ ቀን? አመመሽ?"

"ደህና ነኝ። እማዬ፣ በእናትሽ በኩል ቁጠሪልኝ።"

ሳቀች። ቁጠሪልኝ መባል ደስ ይላታል። "እናቴ ዘምዘም፣ እናቷ ወይዘሮ ተዋበች፣ የወይዘሮ ተዋበች እናት..."

"የምትጠሪያቸው ሁሉ በሥጋ የወለዱ ናቸው? ዘምዘምን የወለደቻት ተዋበች ናት?"

ምስሩ ላይ ያለው እጇ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ጉንጬ ነው የነገረኝ።" ሁሉንም አወራኋት፤ ጥጡን፣ ሙጂባን፣ አንድ ፊደል አለመለያየታችንን። የሰረዝኩትንም አልደበቅኋትም። እናቴ እስክጨርስ ሰፌዱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።

"ሙሚና ነበር ስሟ" አለች በመጨረሻ። "አያቴ። ከታች፣ ከአፋምቦ በኩል፣ ከግመል ነጋዴ ጋር የመጣች ልጅ ናት። ተገዝታ። ወይዘሮ ተዋበች መሀን ነበረች፤ ሙሚና ከተዋበች ባል ስትወልድ ሕፃኗን ወሰደችና የእኔ ናት አለች። ሙሚናም እዚያው ማጀት ቀረች። እናቴ የገዛ እናቷን ውኃ አምጪ፣ እግሬን እጠቢ እያለች አድጋለች፣ ከውሰር። ማን እንደነበረች የነገሯት ሙሚና ከተቀበረች በኋላ ነው። እኔን ደግሞ እናቴ ልትሞት ሰሞን ነገረችኝ።"

"እና ያን ሁሉ ጊዜ ስትቆጥሪ..."

"በሙሚና ቦታ ተዋበችን አስገባለሁ። እናቴም እንዲህ ነበር የምትቆጥረው።"

"ታዲያ ያንን ልጅ ሰው ፊት ለምን እንዲያ አደረግሽው?"

"እናቱ አፋምቦ ተወለደች ሲሉኝ ደነገጥኩ። ከዚያ የሚመጣ ሰው አንድ ቀን የሚያውቅ ዘመድ ይዞ ይመጣል ብዬ። ፈርቼ ነው፣ ልጄ።"

"እኔም ፈርቼ ነው" አልኳት። እናቴን ልቆጣት ነበር ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። ግን ምን አፍ ኖሮኝ? እሷ አያቷን ከቆጠራ አወጣች፣ እኔ ራሴን ከካርታ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የቀረውን ምስር አብሬያት ለቀምኩ።

ልሄድ ስነሳ እጄን ያዘችኝ። "ሐሙስ ልትናገሪ ነው?"

"እኔንጃ፣ እማዬ። ቃል አልገባልሽም።"

"ከተናገርሽ ስሟን በደንብ ጥሪው። ሙሚና በዪ። እኔ ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።" በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እናቴን እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር፤ አቅፌያት ከጉያዋ መውጣት አቃተኝ።

* * *

ሐሙስ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሎጊያ አዳራሽ ሞላ። ውጤቱን እያንዳንዱ ሰው አስቀድሞ ለብቻው ስለሰማ፣ ዶክተር የዓለምወርቅ ስለ ካርታው ብቻ ነበር የምታወራው። ሙጂባ ከፊት ተቀምጣለች፤ ሰማያዊ ልብስ ለብሳ፣ እጇ ላይ ሂና አለ። መሀመድአሚን አልተቀመጠም። ያን ቀን እንዳየሁት በሩ ላይ ቆሟል፣ አሁን ግን አያየኝም።

ሙጂባ ስታየኝ ፊቷ በራ። "ልጄ፣ ጠፋሽ እኮ። ቴምሩ ጣፈጠሽ?"

በሩ ላይ ያለው ሰው መሬት መሬቱን አየ። "ጣፍጦኛል፣ እማማ ሙጂባ" አልኩ። ይኸው ደግሞ ዋሸሁ። እሱን ላለማጋለጥ ብዬ ነው ብልም ከንቱ ነው፤ ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ዶክተር የዓለምወርቅ ነጥቦቹን በዘንግ እያሳየች አስረዳች። አፋምቦ፣ ሎጊያ፣ አዳይቱ። ስትጨርስ ሙጂባ ተነሳች።

"እኔ ዘጠኝ ቁጥር ነኝ፤ ሰው ቢያውቀው አላፍርም" አለች። "አንድ ነገር ልጠይቅ። የወለድኩት ይህን አንድ ወንድ ነው። እናቴም ከእኔ ሌላ ሴት የላትም። ይህ ከእናቴ የመጣው ነገር እኔ ጋ ያልቃል?"

ዶክተር የዓለምወርቅ ዘንጓን አወረደች። "ልጅዎ ተሸክሞታል፣ እማማ። ግን ለልጆቹ አያልፍም። በእርስዎ በኩል አዎ፣ ያበቃል።"

"አልሐምዱሊላህ፣ የአላህ ሥራ ነው" አለች ሙጂባ። ስትቀመጥ ግን እጇ ወንበሩን አጥቶ ፈለገው። ያን ጊዜ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

"ስምንት ቁጥር አልተበላሸም" አልኩ። "እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ስምንት ቁጥር እኔ ነኝ።"

ዶክተር የዓለምወርቅ ስሜን ጠራችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ለማስቆም። አላቆምኩም።

"ከእማማ ሙጂባ ጋር አንድ ነን። የእናቴ አያት ከአፋምቦ በኩል ተገዝታ የሄደች ልጅ ነበረች። ሙሚና ትባላለች። ሙሚና። እናቴ ቤት ስትቆጠር የማትጠራው እሷ ናት። እኔም ይህ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ሥራዬን አበላሸሁ። ደግሞ..." ወደ ሙጂባ ዞርኩ። "እማማ፣ ቴምሩን አልበላሁም። አልደረሰኝም። እናቴ ፊት ይቺን ሴት ታውቂያታለሽ ስባል፣ አላውቃትም ስላልኩ ነው።"

"ቢሮ እንነጋገራለን" አለች ዶክተር የዓለምወርቅ፤ ሥራዬ እዚያ ላይ ሊያበቃ እንደሚችል ገባኝ። ሙጂባ ግን ልጇን አየችው። እሱ አቀረቀረ። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። ዓይኗ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ሕመም አየሁት፤ ዓይኔን ከዓይኗ ላነሳ አልደፈርኩም፣ ያንን ሕመም መመለስም አልቻልኩም።

"ነይ ወደዚህ" አለችኝ። ሄድኩ። አገጬን በሂና እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። "አሳዝነሽኛል" አለች። "አላውቃትም ማለትሽ አሳዝኖኛል።"

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

"አንቺ ሴት ልጅ ብትወልጂ፣ ይህ የእናቴ ነገር ይደርሳታል?"

"ይደርሳታል። ያው ነው። አንድ ፊደል እንኳ አይለይም።"

"እንግዲያ አላለቀም" አለችና አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ ጠረገችው። እንድቀመጥ ነው። እንዴት ልቀመጥ? ቆሜ ቀረሁ።

መሀመድአሚን ከበሩ ላይ ተናገረ። ድምፁን ከሰማሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር።

"ከውሰር። ይቺን ሴት ታውቂያታለሽ?"

የተጠየቅኩት በእናቴ ቃል ነው፤ ሰው ሁሉ ይሰማል። ይህን ጊዜ ምንጣፍ አልፈለግኩም፤ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

"አውቃታለሁ። ሙጂባ ናት። እናቷ አስያ። የአስያ እናት..."

እዚያ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በላይ ስም አልነበረኝም። ማንም የለውም። እሱ እኛ ቤት አንገቱን ደፍቶ የቆመበት ቦታ ላይ፣ እኔም አፌን ከፍቼ ቆምኩ፤ እንባዬም ወረደ።

መሀመድአሚን እጁን በሸሚዙ ጠርጎ ገባ፤ መጥቶም አጠገቤ ቆመ።

"እኔም እስከዚያው ነው የማውቀው" አለ።